«ኒሻን» አማርኛ ነው? ስለ ሽልማትና ስለ ምልክት ቃላት

ሶስና ዘደሴ፦

ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዕቃውን የማስተካከል ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ከልብስ ሣጥኑ ሥር በቀይ ከፋይ የተለበጠች ትንሽ ሣጥን አገኘሁ። በውስጧ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በጥብጣብ የተንጠለጠለ ኮከብ ነው፤ አብሮት የተቀመጠው ወረቀት «የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ ኒሻን» ይለዋል። ሌላው ክብ ነው፤ የንጉሡ ምስል ተቀርጾበታል፤ የእርሱ ወረቀት ደግሞ «ሜዳይ» ይላል። እኛ ቤት ሁለቱንም «የአባባ ሜዳሊያ» እያልን ነው ያደግነው።

ልጆቼ ሲያድጉ እንዲያነቡት በሣጥኗ ክዳን ውስጥ አጭር ጽሑፍ ላኖር ብዕር አነሣሁና ገና ከመጀመሪያው ቃል ላይ ቆምሁ። ከሸለመ ሽልማት፣ ከሾመ ሹመት ይወጣል፤ ኒሻን ግን ከምን ወጣ? ሜዳይና ሜዳሊያስ አንድ ናቸው? የተሳሳተ ነገር ጽፌ ለልጆቼ ማውረስ አልፈልግም። የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

የጅዳው፦

እኅቴ ሶስና፣ አያትሽን ነፍሳቸውን ይማር። ኒሻን ከፋርስኛ የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙ «ምልክት» ነው። ከፋርስ ወደ ቱርክ ተሻገረ፤ የኦቶማን ሱልጣኖች ለሹሞቻቸው በደረት ላይ የሚደረግ የክብር ጌጥ መስጠት ሲጀምሩ በዚሁ ስም ጠሩት። ዐረቦችም ከእነርሱ ወሰዱት፤ እኔ በምኖርበት አገር ዛሬም የሚያውቁት ቃል ነው። ወደ እኛ የደረሰበትን መንገድ ለማየት ካርታ መዘርጋት ይበቃል። ምጽዋ ከ1557 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦቶማኖች እጅ ነበረች፤ በ1865 ለግብፅ ተላለፈች። ከዚያ ወደብ ጨርቅና ጠመንጃ ብቻ አልመጣም፤ ቃላትም ወጥተዋል። «ባሻ» የሚለው ማዕረጋችንም የቱርክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔን ሲያስደንቀኝ የኖረ ስለሆነ። በቱርክኛ ኒሻን ሦስት ነገር ነው። የክብር ሽልማት ነው። ተኳሽ የሚያነጣጥርበት ዒላማም ነው። ሁለት ወጣቶች ቀለበት ሲያስሩም ኒሻን ይባላል። ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ምልክትነታቸው ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ነገር።

መምህር በጡረታ፦

የጅዳው ወንድማችን የጻፉት መልካም ነው፤ የመጨረሻዋ አንቀጽ ደግሞ ከወንበሬ አስነሣችኝ። ምክንያቱም ያው መንገድ በእኛም ቃል ውስጥ አለ። «ዓላማ» በሉ። ዛሬ ብዙ ሰው ዓላማ ሲባል ግብ፣ ሐሳብ፣ የሚደረስበት ነገር ብቻ ይመስለዋል። በጥንቱ አነጋገር ግን ዓላማ ብቻውን ሲቆም የሚውለበለበው ጨርቅ ነው። በአማርኛው ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 2 ላይ እስራኤል በምድረ በዳ ሲሰፍሩ እያንዳንዱ በዓላማው ዘንድ እንዲሰፍር ታዝዟል። እዚያ ዓላማ ማለት የነገዱ ምልክት ነው፤ ከሩቅ ታይቶ ሰው ወገኑን የሚያገኝበት። «ዒላማ» ደግሞ የሚተኮስበት ነው። ሁለቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቱርኮች በአንድ ቃል የያዙትን እኛ በአናባቢ ለየነው፤ ዓላማና ዒላማ።

በዐረብኛስ እንዴት ነው? የምታውቁ ከሆነ ጨምሩበት።

የጅዳው፦

መምህር፣ ልክ ነዎት። በዐረብኛ ሰንደቅ «ዐለም» ነው፤ ምልክት ደግሞ «ዐላማ»። ሁለቱን ቃላት እዚህ በየቀኑ እሰማለሁ፤ ከእኛ ዓላማ ጋር አስተያይቻቸው ግን አላውቅም ነበር።

ትዕግሥት ዘአዳማ፦

ይቅርታ፣ መሐል ገባሁ። አይሁድ ፋሲካ የሚያከብሩበት ወር «ኒሳን» ነው። ከኒሻን ጋር ይገናኛል?

መምህር በጡረታ፦

አይገናኝም ልጄ። የወሩ ስም ከባቢሎን የመጣ ነው፤ በአካድኛ ኒሳኑ ይባል ነበር። ድምፅ ስለተቀራረበ ብቻ ዘመድ ማድረግ በቃላት ጥናት ትልቁ ወጥመድ ነው።

አንጥረኛ ዘፒያሳ፦

እኔ የምናገረው ስለ ዕቃው ነው። ሥራዬ ብርና ወርቅ ስለሆነ ቤተሰቦች እንዲህ ያለውን ለጥገና ያመጡልኛል።

እመቤት ሶስና፣ ኮከቡን ገልብጠሽ ጀርባውን እዪው። ከላዩ ቀለበት ኖሮት በጥብጣብ የሚንጠለጠል ከሆነ አንድ ዓይነት ነው። ትልቅ ኮከብ ሆኖ ጀርባው ላይ ባለው መርፌ በቀጥታ ኮት ላይ የሚሰካው ደግሞ ፕላክ ይባላል፤ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሰሌዳ፣ ጠፍጣፋ ነገር ማለት ነው። በድሮ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ላይ «ባለ ፕላክ ኒሻን ተሸለሙ» ተብሎ የሚነበበው ይኸው ነው። ከትከሻ ወደ ወገብ አግድም የሚወርደው ሰፊ ጥብጣብ ኮርዶን ነው፤ እርሱም ከፈረንሳይኛ፣ ገመድ ከማለት የወጣ። ስለዚህ አንድ ሹም ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲቆም ደረቱ ላይ ፋርስና ፈረንሳይ ተገናኝተው ነበር ማለት ነው፤ ኒሻኑ ከፋርስ፣ ኮርዶኑና ፕላኩ ከፈረንሳይ።

ኒሻንና ሜዳይን ያምታታሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ኒሻን ደረጃ አለው፤ ሰው ከታችኛው ወደ ላይኛው ይወጣበታል፤ ባለ ኒሻን መሆን ወደ አንድ የክብር ማኅበር እንደ መግባት ነው። ሜዳይ ለአንድ ለታወቀ ሥራ ይሰጣል፤ ለዘመቻ፣ ለጀብዱ፣ ለረጅም አገልግሎት፣ ወይም ለአንድ ታላቅ ቀን መታሰቢያ።

አደራ፣ ብርሃኑን ልመልስለት ብለሽ በሎሚና በአመድ አትወልውዪው። ወርቅ ቅቡ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ የምመልሰው ነገር የለኝም።

አበራ የሻለቃ ልጅ፦

አባቴ የጦር ሜዳ ሜዳይ ነበረው። እኔ እስከ ዛሬ «ሜዳይ» ከ«ሜዳ» የወጣ ቃል ነው ብዬ ነው የማምነው። በጦር ሜዳ ለዋለ ስለሚሰጥ። ስሕተት ነው?

መምህር በጡረታ፦

አቶ አበራ፣ ግምትዎ ያማረ ነው፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ያስባል፤ ግን አይደለም። ሜዳይና ሜዳሊያ አንድ ቃል ናቸው፤ በሁለት በር የገቡ። ፈረንሳዮች ቃሉን ሲጠሩት «ሜዳይ» ይላሉ፤ ጣልያኖች «ሜዳልያ»። የቤተ መንግሥቱና የጦሩ ቋንቋ የፈረንሳይን አጠራር ያዘ፤ የመንገዱና የስፖርቱ የጣልያንን። ለዚህ ነው ዛሬም መከላከያ ሜዳይ፣ ሯጭ ሜዳሊያ የሚቀበለው። የጣልያኑ ቃል ምንጭ ላይ ሊቃውንቱ ሁለት መንገድ ያመለክታሉ፤ አንዱ «ከማዕድን የተሠራ» ከሚል የላቲን ቃል፣ ሌላው «ግማሽ» ከሚል፣ ማለትም የግማሽ ዲናር ሳንቲም ከነበረው ስም። በሁለቱም ብንሄድ የምንደርሰው ሳንቲም ወደሚመስል ክብ ብረት ነው። የሶስና ክቡ ዕቃ በትክክል ስሙን ይመስላል።

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳሊያውን የወሰደው ሮም ላይ ነው። ቃሉ በተወለደበት አገር፣ ሩጫው ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት አጠገብ አልፎ። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ሶስና ዘደሴ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ኮከቡ ቀለበት አለው፤ ጀርባው መርፌ የለውም። አንድ ጥያቄ ግን ጨመረብኝ። ኒሻን ፋርስ፣ ሜዳይ ፈረንሳይ፣ ሜዳሊያ ጣልያን ከሆነ፣ እኛ ከዚያ በፊት ጀግና አናከብርም ነበር? ምን ብለን ነበር የምንጠራው?

መምህር በጡረታ፦

የዚህ ሁሉ ውይይት ልብ ይህ ጥያቄ ነው ሶስና፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እናከብር ነበር። ቃሉም ሽልማት ነው። ዛሬ ሽልማት ሲባል ገንዘብ፣ ዋንጫ፣ ወረቀት ይታሰበናል። የ«ሸለመ» የመጀመሪያ ትርጉም ግን አስጌጠ፣ አለበሰ፣ አስዋበ ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 አዲሲቱ ኢየሩሳሌም «ለባልዋ እንደ ተሸለመች ሙሽራ» ሆና ትወርዳለች። እዚያ ላይ ለሙሽራዪቱ ገንዘብ የሰጣት የለም፤ የተሸለመች ማለት ያጌጠች ማለት ነው። ስለዚህ ንጉሥ ጀግናውን «ሸለመው» ሲባል የተሰጠው ነገር በገላው ላይ የሚውል፣ ሕዝብ የሚያየው ጌጥ ነበር። ለምድ ይደረብለታል፤ ካባ ይለብሳል፤ ከአንበሳ ጋማ የተሠራ ጎፈር በራሱ ላይ ይደረጋል፤ በክንዱ የብር ቢተዋ ይገባለታል፤ በብር ወይም በወርቅ ያጌጠ ጋሻና ጎራዴ ይሰጠዋል። ሹመትና ሽልማት አብረው የሚጠሩትም ለዚህ ነው፤ ሹመቱ ሥልጣኑ ነው፣ ሽልማቱ ሥልጣኑን ለዓይን የሚያሳየው ልብስ።

የለምድን ነገር ልብ በሉ። በማቴዎስ ወንጌል ሐሰተኞች ነቢያት የሚመጡት የበግ ለምድ ለብሰው ነው። ያ የእረኛ ቆዳ ነው፤ ብርድ መከላከያ። ያው ስም ወደ ቤተ መንግሥት ሲወጣ የጀግናና የመኳንንት ልብስ ሆነ፤ ከአውሬ ቆዳ፣ በኋላም ከከፋይ ተሠርቶ በወርቅ የተጠለፈ። ቃሉ ከእረኛ ትከሻ ተነሥቶ ከራስ ትከሻ ላይ ሲያርፍ ቅርጹን አልለወጠም።

ዘመናዊው ኒሻን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1874 እ.ኤ.አ. የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን አቋቋሙ። ያንቺ አያት የተሸለሙት የኢትዮጵያ የክብር ኮከብ የምኒልክ ነው፤ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የጀመሩት። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን የንግሥተ ሳባ ኒሻን በ1922፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን በ1924 ተጨመሩ። የሥላሴ ኒሻን የተቋቋመው በ1930 የዘውድ በዓል ዓመት ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ነገር ግን ኒሻን የሚለው ቃል ሲገባ ሽልማት የሚለውን ከቦታው አላነሣውም። «ኒሻን ተሸለመ» ነው የምንለው። ግሡ የእኛ ሆኖ ቀረ፤ ዕቃው ብቻ ስሙን ይዞ መጣ። ለልጆችሽ ስትጽፊ ይህን አትርሺ።

የሐይፋዋ፦

መምህር የጻፉትን ሳነብ ለመተኛት አስቤ ነበር፤ እንቅልፌ ጠፋ። እኔ ጎንደር አካባቢ ተወልጄ በልጅነቴ ወደ እስራኤል የመጣሁ ነኝ። በዕብራይስጥ ለጀግና ወታደር የሚሰጠው ከፍተኛ ሽልማት «ዒቱር» ይባላል። ቃል በቃል ማስጌጥ ማለት ነው፤ ከ«ዐታራ»፣ ከዘውድ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ለዘመቻ የሚሰጠው ጥብጣብ ደግሞ «ኦት» ነው፤ ምልክት ማለት። ፊደልም ኦት ነው የሚባለው። አንዱ ቃል እንደ ሽልማት ጌጥ፣ ሌላው እንደ ኒሻን ምልክት። እናቴ አማርኛዋን ይዛ ስትኖር እኔ በዕብራይስጥ አደግሁ፤ ሁለቱ እንዲህ እጅ ለእጅ ሲያያዙ ሳይ ከእናቴ ጋር የተነጋገርሁ ያህል ይሰማኛል።

የአርበኛ ልጅ፦

ስለ ምልክት ከተነሣ አንድ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ሰንደቅ ዓላማ እያለን ለምን ባንዲራ እንላለን? ቃሉ የጣልያን ነው። አባቴ በአምስቱ ዓመት ከጫካ ያልወጣ አርበኛ ነበር፤ በቤታችን ባንዲራ የሚል ሰው አይታለፍም ነበር። «ሰንደቁ እንጨቱ ነው፣ ዓላማው ጨርቁ ነው፣ ሁለቱን ለይተህ ጥራ» ይለን ነበር። አገራችንን ሊወስድ በመጣ ሰው ቃል የአገራችንን ምልክት መጥራት ለእኔ ይከብደኛል። ኒሻንን ለመቀበል አልቸገርም፤ ባንዲራን ግን አልቀበልም።

ዓለሚቱ ከሜሪላንድ፦

ወንድሜ፣ አባትህን አከብራለሁ። ግን የእኔም አባት ወታደር ነበር፤ ከግንባር በጻፈልን ደብዳቤ ሁሉ «ባንዲራችን» ይል ነበር። እዚህ በስደት ልጆቻችንን ሰብስበን የዓድዋን ቀን ስናከብር እናቶች አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ዓይናቸው ላይ አድርገው የሚያለቅሱት «ባንዲራዬ» እያሉ ነው። ይህን ቃል ከእነርሱ አፍ ላይ ወስጄ «የጠላት ነው» ልላቸው አልችልም። ሰው የሞተለት ቃል የማን ነው?

መምህር በጡረታ፦

ሁለታችሁም ከልብ ተናግራችኋል። ስለ ቃሉ የማውቀውን ላስቀምጥ፤ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ባንዲራ የጣልያን መሆኑ እርግጥ ነው። ትግርኛም «ባንዴራ» ይላል። ጣልያን ግን ቃሉን ከሌላ ነው ያገኘው። ጎት የሚባሉት የጀርመን ነገዶች ምልክትን «ባንድዋ» ይሉ ነበር፤ በሮም መንግሥት የመጨረሻ ዘመናት ወታደሩ ይህን ቃል ለጦር ዓርማ ወሰደው። በአንድ ምልክት ሥር የተሰበሰበው ጭፍራ ደግሞ «ባንዳ» ተባለ። አዎ፣ ያው ባንዳ። ጣልያኖች ከአገሬው መልምለው ያሰለፉትን ጦር በዚሁ ስም ጠሩት፤ ለእኛ ደግሞ ከዚያ ወዲህ የከዳተኛ ስም ሆነ። ባንዲራና ባንዳ ከአንድ ሆድ የወጡ ናቸው። በጣልያንኛ ሁለቱም ነውር የለባቸውም፤ በአማርኛ አንዱ የምንሞትለት፣ ሌላው የምንጸየፈው ሆነ። የለያቸው ቋንቋ አይደለም፤ በእነዚያ አምስት ዓመታት የሆነው ነገር ነው።

የአርበኛ ልጅ፦

መምህር፣ ባንዲራና ባንዳ አንድ ሥር መሆናቸውን አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህ የአባቴን ቁጣ የበለጠ እንድረዳው አደረገኝ። እኅቴ ዓለሚቱ፣ የአባትሽን ደብዳቤ አላረክስም። በእናቶች አፍ ያለውን ቃል የሚነካ እጄ ይቆረጥ። ለልጆቼ ሳስተምር ግን ሰንደቅ ዓላማ እላለሁ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 3 የሚጠራው በዚሁ ስም ነው፤ በመካከሉ ያለውን ደግሞ ዓርማ ይለዋል።

ዓለሚቱ ከሜሪላንድ፦

በዚህ አልጣላህም ወንድሜ። እኔም በጽሑፍ ሰንደቅ ዓላማ እላለሁ። በለቅሶ ጊዜ ግን የሚወጣው ሌላው ነው።

የስታዲየም ሰው፦

ስለ ዋንጫ ማንም አላነሣም፤ እኔ ልጀምር። የአፍሪካ ዋንጫ፣ የዓለም ዋንጫ ስንል ቃሉ ከእኛ ቤት የወጣ ነው። ዋንጫ ከበሬ ቀንድ የሚሠራ የመጠጫ ዕቃ ነው፤ ጠጅና ጠላ ይጠጣበታል። በኦሮምኛም ስሙ ያው ነው፤ ዛሬ የኳሱንም ዋንጫ በዚሁ ይጠሩታል። አያቶቼ ቤት ግድግዳ ላይ ሁለት ተሰቅለው ነበር፤ አንዱ በጣም ትልቅ ስለነበር ልጆች ሆነን በሁለት እጅ ነበር የምናነሣው። አውሮፓም ለአሸናፊ የሚሰጠው ከድሮ ጀምሮ የመጠጫ ጽዋ ስለሆነ ቃላችን ሳይጨነቅ ገጠመ።

በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። «አምበል» የምትለዋን ቃል ደግሞ በኒሻን ስም ውስጥ «ባለ አምበል» ተብላ አንብቤአታለሁ። እኔ የማውቃት በሜዳ ላይ ብቻ ነበር። አንጥረኛው ወንድማችን ያውቃሉ?

አንጥረኛ ዘፒያሳ፦

«ባለ አምበል» በኒሻን ወረቀቶች ላይ የደረጃ ስም ሆኖ አይቻለሁ። አምበል ማለት መሪ፣ ከፊት የሚሄድ ነው፤ ለኳስ ቡድን መሪም የተሰጠው ለዚህ ነው። ዋንጫን በሚመለከት፦ ቀንዱን በብር የምናስረው እኛ ነበርን። የአፉን ዙሪያ በብር መክበብ ከባድ ሥራ ነው፤ ቀንድ ክብ መስሎ አይታይህ፣ እያንዳንዱ የራሱ ጠማማነት አለው።

ቴምብር ሰብሳቢ፦

አጭር ጭማሪ። ቴምብርም ምልክት ነውና። የፈረንሳይ ቃል ነው። በጥንት ደወል ወይም ከበሮ ማለት ነበር፤ በኋላ በመኳንንት ዓርማ ላይ ከጋሻው በላይ የሚሣለው የራስ ቁር በዚያ ስም ተጠራ፤ ከዚያ ማኅተም፣ ከዚያ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፈው። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ታትመው ሲወጡ የዐፄ ምኒልክ ምስልና አንበሳው ነበሩባቸው።

ትዕግሥት ዘአዳማ፦

ማኅተም ከተነሣ መምህርን አንድ ልጠይቅ። ማኅተምና ማተብ አንድ ናቸው? እናቴ «ማተብ የክርስቲያን ማኅተም ነው» ትለናለች።

መምህር በጡረታ፦

እናትሽ በትርጉም አልተሳሳቱም፤ ሥሩ ግን ሁለት ነው። ማኅተም ከግዕዙ «ኀተመ» ነው፤ ዘጋ፣ አሸገ። ዕብራይስጡም «ሖታም»፣ ዐረብኛውም «ኻተም» ይላል። ማተሚያ ቤት፣ ኅትመት የምንለው ሁሉ ከዚሁ ነው፤ መጽሐፍ የሚያትመውና በደብዳቤ ላይ ክብ ማኅተም የሚያሳርፈው ጸሓፊ በአንድ ግሥ ይሠራሉ። ማተብ ግን ከ«ዐተበ» ነው፤ በመስቀል ምልክት ባረከ። «አማተበ» ስንል የምንሰማው እርሱን ነው።

ከዚህ ጎን ሌላ ዘመድ አለ። «ትእምርት» በግዕዝ ምልክት ነው፤ ትእምርተ ጥቅስ፣ ትእምርተ አንክሮ በትምህርት ቤት ተምረናል። «ተአምር» ከዚያው ከ«አመረ» የወጣ ነው፤ አሳየ፣ አመለከተ። ለአባቶቻችን ተአምር ማለት መጀመሪያ የሚያመለክት ነገር ነበር።

ስለ ማኅተም ስናነሣ የነገሥታቱን ማለፍ አልችልም። «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለውን ብዙዎች የንጉሡ ማዕረግ አድርገው «ድል አድራጊው የይሁዳ አንበሳ» ብለው ይተረጉሙታል። ግዕዙ ግን ማዕረግ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ። በራእይ ምዕራፍ 5 እንደምናነበው አንበሳው ክርስቶስ ነው፤ ድል የነሣውም ሰባቱን ማኅተም ሊፈታ ነው። በማኅተሙ ላይ ይህ ቃል በቅድሚያ ይቀመጣል፤ ከዚያ የንጉሡ ስም፣ ከዚያ «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይከተላል። ንጉሡ በመጀመሪያ የማን ድል እንደሚያምን ይናገራል፤ ስለ ራሱ የሚናገረው ቀጥሎ ነው። ነጥብ ባለመኖሩ ሁለቱ ተያይዘው ተነበቡ፤ ይህ ስሕተት በውጭ አገር መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በእኛም አፍ ገብቷል፤ ባየሁት ቁጥር ያሳዝነኛል።

የሐይፋዋ፦

መምህር፣ አንድ ብቻ። ዒቱር ከዘውድ ጋር አንድ ሥር ነው ብያለሁ። በግዕዝስ ዘውድ የሚሸለምበት ቃል አለ?

መምህር በጡረታ፦

አለ፤ አክሊል። ከ«ከለለ» ነው፤ ዙሪያውን ከበበ፣ ጋረደ። ሙሽሮች በቤተ ክርስቲያን የሚያደርሱት ተክሊል፣ ከለላ፣ ዛሬ የአስተዳደር ስም የሆነው ክልል እንኳ ከዚሁ ነው። ሰማዕታት አክሊል ተቀዳጁ እንላለን፤ ለእነርሱ ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት አልተነገረም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የሚጠሩበት «ሎሬት»ም እንግዳ መስሎ ቢታይ ትርጉሙ ይኸው ነው። ሎሩስ በላቲን የዛፍ ስም ነው፤ በግሪክ በዴልፊ ውድድር አሸናፊው ከዚያ ዛፍ ቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ይደረግለት ነበር። ሎሬት ማለት በቅጠል አክሊል የተከለለ ሰው ነው። በኦሊምፒያ ደግሞ የዱር ወይራ ነበር። ወርቅ አልነበረም፤ በሳምንት ውስጥ የሚጠወልግ ቅጠል ነው።

ሶስና ዘደሴ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከልጆቼ ጋር ተቀምጠን ውይይቱን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። በመጨረሻ የጻፍሁት ይህ ነው፤ ካጠፋሁ አርሙኝ፦

«እነዚህ ሁለቱ የአያታችን ሽልማቶች ናቸው። በጥብጣብ የተንጠለጠለው ኒሻን ነው። ቃሉ ፋርስኛ ነው፤ ምልክት ማለት ነው። ክቡ ሜዳይ ነው፤ ቃሉ ከፈረንሳይ መጥቷል። ሸለመ ማለት አስጌጠ ማለት ነው። አያታችን ሃያ ስድስት አመት አገራቸውን አገለገሉ፤ አገራቸውም አስጌጠቻቸው። በበዓል ቀን ብቻ ያደርጉት ነበር።»

መምህር በጡረታ፦

አንዲት ፊደል ብቻ፦ «ዓመት» በዐይኑ «ዓ» ይጻፍ። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ።

አንጥረኛ ዘፒያሳ፦

ወረቀቱን በሙጫ አትለጥፊው፤ ከፋዩን ያበላሸዋል። በአራቱ ማዕዘን በቀጭን ክር ስፊው። ጥብጣቡንም በመርፌ አትውጊው፤ አርጅቷል፣ ከአንዲት ቀዳዳ ጀምሮ ይተረተራል።